ቀስት የሳቡ አሮጊቶች

የያዙን ኀሙስ ጠዋት ነው። ኅዳር ነበር፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልለቀቀም። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው አውድማ ላይ አሥራ አንድ ሴቶች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ እኔ ከፊታቸው። ጋቢ የደረቡ አሉ፣ የበግ ጠጉር ባና የደረቡ አሉ። ስልሳ ዓመት ያልሞላት ከሁለት አትበልጥም። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ላይ ነበርን፤ ግራ እጅ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ ቀኝ እጅ ጅማት እንደሚስብ ወደ ትከሻ ተመልሶ፣ ዐይን የተዘረጋውን እጅ ጫፍ እያየ። ከአጥሩ ኋላ ‹‹እጅ ወደ ላይ!›› የሚል ጩኸት መጣ።

ሴቶቹ አልደነገጡም። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ሁለት እጅን ወደ ሰማይ ማንሣት ስለሆነ ወደ መጀመሪያው የመለስኳቸው መሰላቸው። እንዳስተማርኳቸው አየር እየሳቡ፣ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡ። መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ገለበጡ። ከዚያም አሥራ አንዱም በከንፈራቸው ‹‹እፍ…›› እያሉ በዝግታ አወረዱት። 

‹‹አታውርዱ ተብሏል!›› ብሎ አንዱ ወታደር ጮኸ። ከአሮጊቶቹ ይልቅ እሱ ፈርቷል።

‹‹ማናት የምትመራችሁ?›› አለ ሌላው።

‹‹እኔ ነኝ›› አልኩ። ነርስ ነኝ፤ ነጭ ጋዋኔን ለብሻለሁ፤ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። ያንን ቃሌን በኋላ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አየሁት። ‹‹መሪ መሆኗን በራሷ አንደበት አምናለች›› ይላል።

ያስገቡን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ቀድመው የያዟቸውን ወንዶች ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አጉረዋቸዋል። ለኛ የደረሰን ማዳበሪያና የነቀዝ መድኃኒት ይቀመጥባት የነበረች ክፍል ናት። መስኮት የላትም። ከበሩ በላይ ለአየር ተብሎ ሁለት ብሎኬት ተነቅሏል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ጥጉን ነጭ ዱቄት ተጋግሮበታል። በሩ ሲዘጋ ሽታው መጀመሪያ ዐይን ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ይይዛል። ከዚያ ሳሉ ጀመረ፤ አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትቀበላለች።

እነዚህ ሴቶች ከመታሰራቸው በፊትም ሳንባቸው የታመመ ነበር። አሮጊቶችን አፍኖ ለመግደል የሚያስብ ሰው ቢኖር ከዚያች ክፍል የተሻለ አያገኝም። ያሰሩን ሰዎች ግን ይህን እንኳ አላሰቡም። ባሰቡና ክፉ በሆኑ ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ያስገቡን ክፍሏ ባዶ ስለነበረች ብቻ ነው።

በመንዝ ሴት ሲጋራ አታጨስም። ሳንባዋን የሚበላው ኩበት ነው። እንጨት የለም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ እንዳይገባ ቤቱ ይታፈናል፤ ጭሱም አብሮ ይታፈናል። ሴቲቱ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ምድጃ ላይ ተደፍታ እሳት እፍ ስትል ትኖራለች። ሃምሳ ሲሞላት ውኃ ለመቅዳት ወርዳ እስክትመለስ አምስቴ ታርፋለች። ስልሳ ሲሞላት ከደጃፏ እስከ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቅታታል፤ ቁርባኗ ይቀራል። ጤና ጣቢያ ስትመጣ የምሰጣት መድኃኒት አንድ ወር ይኖራል፣ ሦስት ወር ይጠፋል።

እንቅስቃሴውን ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ መካኒክ ነው። መንገድ የሚሠሩት ቻይናውያን ካምፕ ውስጥ በነርስነት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰውየው በወጣትነቱ ድንጋይ መፍጫ ላይ ሲሠራ ሳንባው አቧራ ጠጥቷል። ሌሊት ሲያስለው ካምፑ በሙሉ ይሰማዋል። ጠዋት ጠዋት ግን ከመኪኖቹ ኋላ ብቻውን ቆሞ ስምንት ዓይነት እንቅስቃሴ ይሠራል፤ ሲጨርስ ፊቱ ይመለሳል። የአባቶቹ ነው፤ የድሮ ነው። እኔ ቋንቋውን አላውቅ፣ እሱ የኔን አያውቅ። ከአማርኛ የሚያውቀው ‹‹ቀስ በይ›› የሚለውን ብቻ ነበር። እሱም በቃ።

ወደ አገሬ ስመለስ ዝም ብዬ አልጀመርኩትም። የባዕድ አምልኮ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። ፊታቸው ሠርቼ አሳየኋቸው። ‹‹አብሮት የሚደገም ቃል አለ ወይ?›› አሉኝ። የለም አልኳቸው። ‹‹እንግዲያ እስትንፋስ የእግዚአብሔር ነው፤ እጅና እግርም የእሱ ነው። በስመ አብ ብላችሁ ጀምሩት›› አሉኝ። እንዲያ ብለን ጀመርነው። አያድንም፤ የተበላ ሳንባ አይመለስም። ግን አምስቴ ታርፍ የነበረችው ሁለቴ አርፋ መጣች። ሁለቱ ለፍልሰታ ቆረቡ። ሴቶቹም ለየእንቅስቃሴው የራሳቸውን ስም አወጡለት። ወደ ኋላ ዞሮ የሚታየውን ‹‹ማን ጠራኝ››፣ ጎንበስ ተብሎ እግር የሚነካበትን ‹‹ቃርሚያ››፣ ጡጫ ተጨብጦ የሚፈጠጥበትን ‹‹ሰካራም ባል›› አሉት። ሁለተኛውን ብቻ ስሙን አልቀየሩትም። ቻይናውም ቀስት መሆኑን በእጁ ሥሎ አሳይቶኛል፤ እነሱም ቀስት አሉት።

በሦስተኛው ቀን አሥሩን ሴቶች በዋስ ለቀቁ። ከእንግዲህ አንሰበሰብም ብለው ጣታቸውን አተሙ። ክፍሏ ውስጥ እማማና እኔ ቀረን።

እማማ ከሁሉም ትልቋ ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ሴት ልጃቸው ናት በበቅሎ እያመጣች የምትመልሳቸው። ወንድ ልጃቸው ከቤት ከወጣ ስምንት ወር ሆኖታል። የት እንደገባ አያውቁም፤ የያዙን ሰዎች ግን ጫካ ገብቷል፣ እሳቸውም ያውቃሉ ብለው ያምናሉ። ደረታቸው ከሁሉም የባሰ ስለሆነ አንዲት ሰማያዊ ፓፍ ሰጥቻቸው ነበር፤ ትንፋሽ ሲያጥር አፍ ውስጥ የምትነፋዋን። ሲያስገቡን በፈተሹን ሰዓት ከጉያቸው አውጥተው ወሰዱባቸው። ‹‹ጋዝ ነው›› አለ ፈታሹ። መድኃኒት ነው ብዬ ብለምነው ‹‹ይመረመራል›› አለኝ።

በስድስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ጎልማሳ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነው። አጠገቡ ቃል የሚጽፍ ጸሐፊ ተቀምጧል። ስልኩን ወደኔ አዞረው። አንድ ሰው ከሩቅ፣ ከአጥር ሥር ሆኖ ቀርጾናል።

‹‹ሲስተር፣ ይሄ ምንድነው?››

‹‹እንቅስቃሴ ነው፤ ለሳንባ።››

‹‹ግራ እጅ ወደ ፊት። ቀኝ እጅ ወደ ኋላ። ዐይን ዒላማ ላይ። ለሳንባ?››

‹‹ደረት ይከፍታል። ቀስት ነው የሚባለው።››

‹‹አሃ! ቀስት።›› ወደ ጸሐፊው ዞረ። ‹‹ጻፍ፤ ቀስት።››

‹‹የቻይና ነው፣ ጌታዬ። የድሮ ነው።››

‹‹ቻይናው የት አለ?››

‹‹አገሩ ገባ።››

‹‹በምን ቋንቋ አሠለጠነሽ?››

‹‹በእጁ።››

‹‹በእጁ!›› ስልኩን አስኬደና እንደገና አቆመው። ‹‹ይህቺኛዋ አሮጊት ደግሞ ጡጫ ጨብጣ ማንን ነው እንዲህ የምታፈጥበት?››

‹‹እሱ ሰባተኛው ነው። ሰካራም ባል ይሉታል።››

ጸሐፊው ሳቁ አመለጠው። መርማሪው ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠና ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

‹‹ሴትዮዋ ታማለች አሉ›› አለ መርማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ዘመድ።

‹‹እያፈናቸው ነው። መድኃኒታቸውን ወስዳችሁባቸዋል። እባክዎ፣ ይመልሱላቸው።››

መሳቢያውን ከፈተ። ሰማያዊዋን ፓፍ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አቆማት። ከጎኗ አንድ የተተየበ ወረቀት አስቀመጠ። አነበብኩት። በእማማ ልጅ ትእዛዝ ሴቶችን ሰብስቤ የተኩስ አያያዝ አስተምሬአለሁ ይላል። የአሥራ አንዱም ስም በተራ ሰፍሯል። ከሥር ለኔ ስምና ፊርማ ነጠብጣብ ተሰምሮበታል።

‹‹አንቺ ፈርሚ፣ እሷ ትተንፍስ›› አለኝ። ‹‹እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት።››

ይህን አባባሉን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ዳዊት ስደግም በመሃል የሚመጣብኝ ጊዜ አለ።

ወደ ክፍሏ ስመለስ ልቤ ሊፈርም ወስኖ ነበር። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው ዛሬ ልጽፍ የተቀመጥኩት፤ አልሸፋፍነውም። ውሸት ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ዐይኔ እያየ ታፍኖ ሲሞት እጄን አጣጥፌ ብቀመጥስ እሱ ምን ይባላል? ለራሴ እንዲህ እያልኩ ነው የገባሁት። ለእማማ ሁሉንም ነገርኳቸው። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ሲናገሩ በየሦስት ቃሉ ያርፋሉ።

‹‹ስማቸው አለበት?›› አሉ።

‹‹የማን?››

‹‹የሴቶቹ።››

‹‹አለበት፣ እማማ። የሁሉም።››

‹‹የልጄም።››

‹‹አዎ።››

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ። 

‹‹አንቺ ልጅ›› አሉ ኋላ፣ ‹‹ያንን ፈርመሽ… ፓፏን ይዘሽልኝ ብትመጪ… አፌን አልከፍትልሽም። ወስደሽ ራስሽ ሳቢው።››

‹‹እማማ፣ እንዲህ አይበሉ።››

‹‹ልጄን ሰጥቼ የምስበው አየር… እንዴት ብሎ ይወርድልኛል? በይ ተነሺ። እግሬ ደንዝዟል። ማን ጠራኝን አሠሪኝ።››

ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ወደ ግራ ዞሩ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ። ‹‹ማንም አልጠራኝም›› አሉና ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂዎቹ አዳራሹን በደረቁ ጠረጉት። የገብስ ብናኝ፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የስንት ዓመት አቧራ በበሩ ሥር እየገባ ክፍሏን ሞላት። እማማን ያዛቸው። ብዙ ታማሚ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም። ትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ወጣ። የአንገታቸው ጅማት ገመድ ሆነ። ከንፈራቸው ጠቆረ። አየሩ ሲገባ ያፏጫል፤ አይወጣም። ዐይናቸው እኔ ላይ ነው።

በሩን ደበደብኩ። ‹‹ሰው ሊሞት ነው! ክፈቱልን! ለአየር ብቻ!››

‹‹ትእዛዝ የለኝም›› አለ ከውጭ ያለው ጠባቂ።

‹‹መጥረጉን እንኳ አቁሙ!››

‹‹እንግዳ ይመጣል፤ ይጠረግ ተብሏል።››

ተመልሼ ከፊታቸው ተንበረከክሁ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፌ ነጠላዬን በውኃ ነክሬ ከአፋቸው ፊት ያዝኩት። ለአውድማው ሴቶች የምለው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን አልኳቸው። ‹‹እማማ፣ ጧፍ ከፊትዎ አለ። አያጥፉት። ነበልባሉ ጎንበስ ይበል ብቻ። እፍ… ጎንበስ ይበል። አይቸኩሉ። ቀስ ይበሉ።›› ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ። ትንሽ ወጣ። እንደገና። ‹‹እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ›› እያልኩ እቆጥርላቸው ጀመር፤ ሁለት ‹‹እግዚኦ›› ሲስቡ፣ አራት ‹‹እግዚኦ›› ሲያስወጡ። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። አርባ አንዱን ብዙ ጊዜ ሳልዞረው አልቀርም።

ጠባቂው በሩን መታ። ‹‹ምንድነው የምታነበንቡት?››

መቁጠሬን አላቆምኩም። ትከሻቸው ቀስ በቀስ ወረደ። የከንፈራቸው ጥቁረት ለቀቀ። ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና ‹‹አልጠፋም›› አሉኝ፤ ጧፉን ነው። በዚያ ጊዜ አላለቀስኩም። ደሜ ፈልቶ ነበር። ከተወለድኩ እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። 

መርማሪው ሲያስጠራኝ ያ ቁጣ ቀጥ አድርጎ አስኬደኝ። ፓፏ እንደ ትናንቱ ጠረጴዛው ላይ ቆማለች። ወረቀቱና እስክርቢቶው ከጎኗ አሉ።

‹‹ወሰንሽ?››

‹‹ወስኛለሁ። ባዶ ወረቀት ይስጡኝ። በራሴ እጅ ልጻፈው።››

ደስ አለው። ሁለት ወረቀት ሰጠኝ። ተቀምጬ ረጋ ብዬ፣ የታካሚ ካርድ ላይ እንደምጽፈው በንጹሕ እጅ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ሁለት እጅን ወደ ሰማይ ማንሣት፤ የጎድን አጥንትን ይከፍታል። ሁለተኛ፣ ቀስት መሳብ፤ ደረትንና ትከሻን ያፍታታል፤ ባዶ እጅ የሚሠራ ነው። እንዲህ እያልኩ እስከ ስምንተኛው። ከሥር ‹‹ይህን የጭስ በሽታ ለጎዳቸው እናቶች አስተምሬአለሁ፤ ወደፊትም አስተምራለሁ›› ብዬ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። የተተየበውን ወረቀት ገልብጬ አስቀመጥኩት።

እስከ አራተኛው አነበበ። ፊቱ ቀላ።

‹‹ትቀልጂብኛለሽ? ሴትዮዋ ብትሞት በአንቺ ነው፣ አየሽ? በአንቺ!››

‹‹እኔ አልወሰድኩባቸውም፤ አንተ ነህ›› አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ‹‹እርስዎ›› አላልኩትም።

ያ ሲጠበቅ የነበረው እንግዳ በዚያ ሰዓት ነው የገባው። አለቃቸው ነው፤ ራሱ ሸብቷል። መርማሪው ተነሣ። አለቃው ወረቀቴን ተቀብሎ ቆሞ አነበበው፤ ስልኩ ላይ ያለውንም አየ። ‹‹አሮጊቷ ታሳየን›› አለ። ‹‹ተኳሿ እሷ አይደለችም እንዴ?›› ዙሪያው ሳቀ።

‹‹አይችሉም፤ አሁን ነው አፍኗቸው የተረፉት። እኔ አሳያችኋለሁ›› አልኩ።

የሚሰማኝ አልነበረም። ሄደው አመጧቸው። እማማ ደጃፉ ላይ ቆመው ፀሐዩን በእጃቸው ከለሉና ምን እንደተፈለገ ጠየቁ። ነገርኳቸው። ‹‹አይሥሩ፣ እማማ። አይገደዱም›› አልኳቸው።

‹‹ውጭ ነው አይደል የምሠራው?››

‹‹አዎ።››

‹‹እንግዲያ ተዪኝ። አየር ልቅመስበት።››

ግቢው መሃል ቆሙ። መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከተቀመጡት አንዱ ‹‹በይ ተኩሺ፣ እማማ!›› አለ። ሳቁ። እማማ አላዩትም። በስመ አብ ብለው ሦስቴ አማተቡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ፣ በዝግታ አወረዱ። ከዚያ ቀስቱን ሳቡ። ግራ እጃቸው ተዘረጋ፤ ጋቢው ከክንዳቸው ወደቀ። ያ ክንድ ቆዳና አጥንት ነው። ስቦ የያዘው ነገር እንደሌለ ዐይን ያለው ሁሉ ያያል። ሳቁ እዚያ ላይ ቀዘቀዘ።

ሦስተኛውን ሲጨርሱ አለቃው ‹‹በቃ፤ አየን›› አለ።

እማማ አራተኛውን ጀመሩ።

‹‹በቃሽ ተብለሻል!››

‹‹ስምንት ናቸው፣ ልጄ›› አሉ፣ ትንፋሻቸውን ሳይሰብሩ። ‹‹ቅዳሴ… ከመሃል… ይቋረጣል?››

በሌላ ቀን ቢሆን ይህን አነጋገር እቆጣቸው ነበር። በዚያ ቀን ግን ተውኳቸው። አምስተኛውን ሠሩ። ቃርሚያውን እጃቸው እስከ ጉልበታቸው ብቻ ደርሶ ሠሩ። ሰባተኛው ላይ ጡጫቸውን ጨብጠው ወደ አለቃው ዞሩና አፈጠጡ። ሲሠራ ወደ ፊት ነው የሚፈጠጠው፤ ፊታቸውን ወደሱ ያዞሩት ራሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። እሱም መጀመሪያ አያቸው፤ ኋላ ሰዓቱን አየ። የተቀመጡት ወታደሮች ጫማቸውን ያያሉ። ስምንተኛውን ተረከዛቸውን እያነሡ እየጣሉ ሰባቴ ቆጠሩ፤ ጨረሱ፤ ጋቢያቸውን ከመሬት አንሥተው አራገፉና ደረቡ።

‹‹መድኃኒቴን›› አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

አለቃው ለመርማሪው ‹‹ስጣት›› አለው። መርማሪው ገብቶ ይዟት ወጣ። እኔ ተቀበልኩ፤ ላሰናዳላቸው ብዬ ወዘወዝኳት። ቀለለችኝ። ተጫንኳት። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ። አፏን ወደ መዳፌ አድርጌ ተጫንኩ። ባዶ ናት።

‹‹ምን አደረጋችኋት?›› አልኩ።

 ጸሐፊው፣ ያ የሳቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹ጋዝ ነው ሲባል… ልጆቹ ሊሞክሯት… ሲረጫጩባት ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ነው ያለቀችው›› አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ነው! እንግዲህ አስቡት። መርማሪው ትናንት ጠረጴዛው ላይ ያቆማት ባዶዋን ነው። ‹‹አንቺ ፈርሚ፣ እሷ ትተንፍስ›› ያለኝ በባዶ ቆርቆሮ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነፍሴን የመዘንኩት፣ አሥራ አንድ ሴቶችንና አንድ ወጣት አሳልፌ ልሰጥ የነበረው ለባዶ ቆርቆሮ ነው። ብፈርም ኖሮ ይዤላቸው የምገባው ያንን ነበር። መርማሪው ባዶ መሆኗን ያውቅ እንደሆነ ያኔም አልጠየቅሁ፤ እስካሁንም አላውቅም። ያውቅ ከነበረ አንድ ነገር ነው። ሳያውቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዲት እናት የምትተነፍስበትን ዕቃ ከፍቶ ማየት እንኳ አልታየውም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ መወሰን አቅቶኝ ዓመታት አልፈዋል።

እኔ ልጮኽ አፌን ስከፍት እማማ ክንዴን ያዙኝ። ፓፏን ከእጄ ወሰዱ። በጋቢያቸው ጫፍ አፏን ጠረጉላት፤ ክዳኗን ገጠሙላት። ወደ መርማሪው ሄዱና መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

‹‹ያዘው፣ ልጄ›› አሉት። ‹‹ነገ ደግሞ… ለሌላ ሰው ታሳየው ይሆናል።››

ከዚያም ማንም ሳይነዳቸው፣ የኔንም ክንድ ሳይዙ፣ ወደዚያች ክፍል በራሳቸው እግር ተመለሱ።

እሳቸውን ከዐሥር ቀን በኋላ ፈቱ። እኔን ከሁለት ወር በኋላ አወጡኝ። ክስ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ስህተት ነበር ያለን ሰው የለም። ‹‹ሂጂ›› ብቻ ነው። እማማ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቤታቸው ውስጥ አረፉ። ከዚያች ክፍል ወዲህ ሳሉ አልለቀቃቸውም ነበር አለችኝ ሴት ልጃቸው። ወንዱ ልጅ ለቀብር አልመጣም። የት እንዳለ ዛሬም የሚያውቅ የለም።

አሁን የምኖረው ሩቅ ነው፤ ከመንዝ የከፋ ብርድ ያለበት፣ ግን ጭስ የሌለበት አገር። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት አስተማሪ ትመጣና ሽማግሌዎቹን አዳራሽ ውስጥ በረድፍ አቁማ ያንኑ ስምንቱን ታሠራቸዋለች። ቀስቱን ይስባሉ። ትልልቅ መስኮቶች አሉ፤ መንገደኛ ሁሉ ያያቸዋል፤ እጁን የሚያውለበልብላቸውም አለ። ሁለተኛው ሲጀመር አንሶላ እቀይራለሁ ብዬ እወጣለሁ። የንስሐ አባቴ በስልክ ይቅር በዪ ይሉኛል። ስለ እስሩ፣ ስለ ስድቡ፣ ስለ ራሴ ይቅር ብያለሁ፤ ይህን ስል አልዋሽም። የቀረው ላይ እየታገልኩ ነው።

የእማማ ሴት ልጅ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውልልኛለች። እሷም ማሳል ጀምራለች፤ እንቅስቃሴውንም ተምራለች። ከአሥሩ ሴቶች ስድስቱ እንቅስቃሴውን አልተዉትም። አውድማው ላይ ግን አይወጡም። በየቤታቸው፣ በር ዘግተው፣ ምድጃው አጠገብ ይሠሩታል። ጭሱ ውስጥ!

‹‹በሩን ክፈቱት እንጂ›› አልኳት ባለፈው። ‹‹ጭስ እየሳባችሁ ምን ይጠቅማችኋል?››

‹‹ሰው ያየናላ፣ ሲስተር። እጃችንን ስንዘረጋ።››

‹‹እንግዲያ ቀስቱን ተዉትና በሩን ክፈቱ።››

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ቀስቱ ጥፋት ነው የሚለውን፣ መርማሪው ፊት ያልፈረምኩትን፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በዚህ ሁሉ ርቀት፣ በገዛ አንደበቴ ፈረምኩት። 

‹‹የለም፣ የለም። አትተዉት›› አልኳት። ‹‹ምንም አትተዉ። በሩን ብቻ ትንሽ ገርበብ አድርጉት። የእጅ ስፋት ያህል።››

‹‹እሺ፣ ሲስተር›› አለችኝ። እንደማትከፍተው ከድምፅዋ ገባኝ። እሷን ግን አልተቆጣኋትም።